ሲሊኮኑን ከመቀላቀላችሁ በፊት

የዛሬው የሙያ ትምህርታችን በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በአካባቢያቸው በጂፕሰም፣ በእንጨት ቅርጽና በሻማ ሥራ ለተሰማራችሁ፣ እንዲሁም በቴክኒክና ሙያ ለምትማሩ ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። የምንነጋገረው ከሁለት ክፍል ተቀላቅሎ ጎማ ስለሚሆነው ሲሊኮንና በእሱ ሞልድ ስለማውጣት ነው። እስክሪብቶና ወረቀት አቅርቡ፤ የሚጻፉ ቁጥሮች አሉ።

ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ አዲስ ቤት ገብታችሁ ቀና ብትሉ፣ መብራቱ ዙሪያ የጂፕሰም አበባ፣ ግድግዳውና ኮርኒሱ በሚገናኙበት ደግሞ የሐረግ ጌጥ አታጡም። መስቀል ሲቃረብ ይህ ሥራ ይበረታል። በየከተማው የተበተነው ቤተሰብ ለበዓሉ ወደ አገሩ ስለሚገባ ቤት ይታደሳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ተጀምሮ የቆየው ሁሉ እንዲያልቅ ይፈለጋል። ያን ሁሉ አበባ አንድ በአንድ በእጅ መቅረጽ አይታሰብም። አንዱን አጥርቶ መቅረጽ፣ ከእሱ ሞልድ ማውጣት፣ ከሞልዱ ማባዛት ነው መንገዱ።

ሞልዱ ከእንጨት ወይም ከፋይበር ግላስ ከሆነ የአበባው ቅጠል ወደ ውስጥ በታጠፈበት ቦታ ጂፕሰሙ ተይዞ ይቀራል። ሲጎተት ወይ ጌጡ ይሰበራል ወይ ሞልዱ። ሲሊኮን ግን ይለጠጣል፣ ይታጠፋል፣ ከጌጡ ላይ ይላጣል፤ ጂፕሰምም ሰምም አይጣበቁበትም። ሞዴሉ ላይ ያረፈች የጣት አሻራ እንኳ አታመልጠውም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነውና አንድ ባልዲ የተበላሸበት ሠራተኛ ጉዳቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ዛሬ አጥብቄ የምናገረው ይህን ነው፦ ሲሊኮን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሞዴሉ ላይ ከመፍሰሱ በፊት ነው። ሞዴሉ ሲዘጋጅ፣ ሚዛኑ ሲነበብ፣ ባልዲው ሲማሰል።

ሲሊኮን ስል መስኮት ጠርዝ ላይ ከቱቦ እየተጨመቀ የሚቀባውን ማለቴ አይደለም። ያኛው ከአየር እርጥበት እየሳበ ከላይ ወደ ውስጥ ስለሚደርቅ፣ ወፈር ካለ ውስጡ ለብዙ ቀን እንዳልደረቀ ይቆያል። የእኛው በሁለት ዕቃ ይሸጣል። በባልዲው ያለው ዋናው ሲሊኮን ነው፤ እንደ ማር ይዝለገለጋል። በጠርሙሱ ያለው ማጠንከሪያው፣ ሠራተኛው ሃርድነር የሚለው ነው። በዋናው ውስጥ ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የተያያዙባቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች አሉ። ሲሊከኑ ከኳርትዝ ይወጣል። በ1940 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ኬሚስት ዩጂን ሮቾ የዚህን ጎማ መነሻ ውህዶች በቀጥታ ከሲሊከን የሚያገኝበትን ዘዴ ደረሰበት፤ ሲሊኮን በፋብሪካ በብዛት ለመመረት የበቃው በዚያ ዘዴ ነው። ማጠንከሪያው እነዚያን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስራቸዋል፤ ፈሳሹም መረብ ሆኖ ይጠነክራል። ማጠንከሪያው ያልደረሰበት ቦታ ሳይታሰር ይቀራል። ነገም ብትመለሱ፣ በሳምንቱም ብትመለሱ ያ ቦታ እንደተዝለገለገ ነው የሚጠብቃችሁ።

ገበያው ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው በቲን የሚጠነክር ነው። ብዙውን ጊዜ ለ100 ግራም ሲሊኮን ከ2 እስከ 5 ግራም ማጠንከሪያ ይገባበታል፤ ትክክለኛውን የሚወስነው የባልዲው ጽሑፍ ነው። ዋጋው ይቀላል፣ በቀላሉም አይኮርፍም። ሲጠነክር ግን አልኮል እየተነነ ስለሚወጣ በትንሹ ይኮማተራል፤ እስከ 1 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከጥቂት ዓመት በኋላም ባይሠራበት እንኳ ጎማው እየደከመ ይሄዳል። ሁለተኛው በፕላቲነም የሚጠነክር ነው። በአብዛኛው እኩል በእኩል ወይም 10 ለ1 ይቀላቀላል፣ መኮማተሩ ከ0.1 በመቶ በታች ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ነገር ግን ድኝ ያለበት የቅርጽ ጭቃ፣ የላቴክስ ጓንት ወይም ቀድሞ የቲን ሲሊኮን የተማሰለበት ዕቃ ከነካው ላይጠነክር ይችላል። ለጂፕሰም ጌጥ የቲኑ ይበቃል ባይ ነኝ። ቸኮላት ወይም ሌላ የሚበላ ነገር ለሚፈስበት ሞልድ ግን የፕላቲነሙን ግዙ፤ እሱም ቢሆን ለምግብ እንደሚሆን ዕቃው ላይ የተጻፈበትን ብቻ።

መርካቶ ወርዳችሁ ስትገዙ ከዋጋው በፊት የምርቱን ቀን ጠይቁ። የቲኑ ማጠንከሪያ አየር ሲነካው ይበላሻል፤ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ በቅናሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ወደ ሞዴሉ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ ሰው በመልካ ቁንጥሬ አልፎ ጢያን ያገኛል። ጢያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ከ36ቱ ሐውልቶች 32ቱ ሰይፍና ገና ያልተፈቱ ሌሎች ምልክቶች የተቀረጹባቸው ናቸው። መልካ ቁንጥሬና ባልጪትም በ2024 እ.ኤ.አ. ተመዝግበዋል። ጎብኚ የሚመላለስበት መንገድ ነው። አንድ ስንዝር የምታህል፣ በቦርሳ የምትያዝ የጢያ ሐውልት ቅጂ ለሚሠራ ወጣት ሥራ አለው ብዬ አምናለሁ። ጀርባዋ ጠፍጣፋ፣ ቅርጿ ጥልቀት የሌለው ስለሆነ በአንድ ፍስስ ሞልድ ይወጣላታል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተመቸ ሞዴል አላውቅም።

ግን አደራ። ሲሊኮን ይዞ ወደ ድንጋዩ የሚሄድ እንዳይኖር። ሲሊኮን ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ድንጋዩ ቀዳዳ ሰርጎ የማይለቅ ጥቁረት ይተዋል፤ ጎማው ሲላጥም በዘመን ብዛት የላላውን የድንጋይ ገጽ ይዞ ይነሳል። ቅርስን መገልበጥ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድና የሠለጠነ ባለሙያ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ጎብኚ የሚያያት ሉሲ ቅጂ ናት፤ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘው አጽም ራሱ ተጠብቆ ተቀምጧል። ቅሪተ አካል የሚገለብጡ ባለሙያዎችም ሲሊኮን ይጠቀማሉ፤ እነሱ ግን አስቀድመው አጥንቱን ያጠናክራሉ፣ ስንጥቁን ኋላ በሚነሳ ነገር ይደፍናሉ። እናንተ ሐውልቱን ፎቶ አንሱት፣ ልኩን ከፎቶው ውሰዱ፣ ከዚያ በራሳችሁ እጅ በዋንዛ ወይም በጭቃ ቅረጹት። የሌላ ባለሙያ የቀረጸውን አበባ ገዝቶ ከእሱ ሞልድ ማውጣትም እንዲሁ ነውር ነው። የኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ተደንግጓል፤ የራሳችሁንም ንድፍ ማስመዝገብ ትችላላችሁ።

የተቀረጸው ሞዴል እንጨት፣ ጂፕሰም ወይም የተጠበሰ ሸክላ ከሆነ ቀዳዳ አለው፤ ሲሊኮኑ ሰርጎ ይያዛል። ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀብታችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁት። መስታወት ላይ የምትሠሩም ተጠንቀቁ፤ ምንም ነገር የማይጣበቅበት ሲሊኮን መስታወትንና ራሱን ሲሊኮንን ይይዛል። ሞዴሉን ለስላሳ ፎርማይካ ላይ አጣብቁት፤ በዙሪያው ከየአቅጣጫው 1 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ ሣጥን አቁሙ፤ መገጣጠሚያውን ሁሉ በጭቃ ድፈኑ። ሲሊኮን የመርፌ ቀዳዳ ካገኘ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ያድራል።

ስንት ሲሊኮን እንደሚበቃ የሚታወቀው በጤፍ ነው። ሣጥኑ ውስጥ፣ ከሞዴሉ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ድረስ ጤፍ ሙሉበት፤ ከዚያ ጤፉን ሊትር በተጻፈበት ጆግ ስፈሩት። የአብዛኛው የሞልድ ሲሊኮን አንድ ሊትር ከ1.1 እስከ 1.3 ኪሎ ይመዝናል። ጆጉ ላይ ግማሽ ሊትር ከወጣ 600 ግራም ያህል ሲሊኮን ይበቃል፤ ባልዲው ላይ ተጣብቆ ለሚቀረው ጥቂት ጨምሩበት። ይህን ልኬት፣ ሲሊኮኑ ሞዴሉን እንዳይይዝ የሚቀባውን ቫዝሊን ከመቀባታችሁ በፊት ጨርሱ፤ ያለዚያ ጤፉ ይለጠፋል። አንዲት ቅንጣት ሞዴሉ ላይ ብትቀር ከሞልዱ በሚወጣው ቅጂ ሁሉ ላይ ትታያለች። ጤፉ ተጠርጎ ሲያልቅ ቫዝሊኑን በስሱ ቀቡና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ የብሩሹ መስመር ከታየ ያም ይገለበጣል።

አሁን ሚዛን። ከመኪና ቀለም ሥራ የመጡ ባለሙያዎች ስቱኮ ሲያቦኩ ሃርድነሩን በዓይን እየገመቱ ነው የሚጨምሩት፤ ስቱኮም ይታገሳቸዋል። ይህን ልማድ ወደ ሲሊኮን ማምጣት ነው ብዙ ባልዲ የሚያስከስረው። 600 ግራም ሲሊኮን በ3 በመቶ ሲሰላ ማጠንከሪያው 18 ግራም ነው። በሙሉ ግራም ብቻ የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን በአንድ ግራም ቢሳሳት ስሕተቱ ከ5 በመቶ ያልፋል። ለሙከራ 50 ግራም ስትቀላቅሉ ደግሞ የሚያስፈልገው 1.5 ግራም ስለሆነ ያ ሚዛን አይረዳችሁም። የወርቅ ሠሪ ዓይነት፣ የግራምን አንድ አሥረኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ግዙ። ዋጋው ከአንድ የተበላሸ ባልዲ ያነሰ ነው። አዲስ ባልዲ በከፈታችሁ ቁጥር ያችን የ50 ግራም ሙከራ ሳትሠሩ ወደ ዋናው ሥራ አትግቡ።

ከመመዘናችሁ በፊት ባልዲውን ከሥር እስከ ላይ አማስሉት፤ የሚያወፍረው ዱቄት እየቆየ ይዘቅጣል። የተመዘነውን ከማጠንከሪያው ጋር ስትቀላቅሉ እንደ እንቁላል መምታት የለም፤ አየር ታስገባላችሁ። ጠፍጣፋ እንጨት ይዛችሁ ሦስት አራት ደቂቃ በእርጋታ አዙሩ፤ ጎኑንና ታቹን እየፋቃችሁ። ማጠንከሪያው ቀለም ያለው ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ዝንጉርጉሩ ጠፍቶ አንድ ቀለም እስኪሆን ታዩታላችሁ። ከዚያ ሁሉንም ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ገልብጡና እንደገና አማስሉ። ይህ ሁለተኛ ዕቃ ለብዙዎች ትርፍ ሥራ ይመስላቸዋል። ሞልድ ላይ እዚህም እዚያም የሚታየው የማይደርቅ ነጥብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመጀመሪያው ዕቃ ጥግ ሳይነካ ከቀረው ነው። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፤ ማጠንከሪያው ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል።

ስታፈሱ መጀመሪያ በብሩሽ ስስ ሽፋን ሞዴሉ ላይ ቀቡ፤ በተለይ የሰይፉ ቅርጽ ጥልቅ ቦታ ላይ። ቀጥሎ ዕቃውን ከፍ አድርጋችሁ በቀጭኑ፣ በአንድ ጥግ ብቻ አንቆርቁሩ። ክሩ ሲቀጥን አረፋው ይፈነዳል፤ ሲሊኮኑም ከጥጉ ተነስቶ ራሱ እየሄደ አየሩን እየገፋ ሞዴሉን ይሸፍናል። እጃችሁን ወዲያና ወዲህ አታዙሩ። ከመቀላቀል እስከ ማፍሰስ ያላችሁ ጊዜ እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው።

የቫኪዩም ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ፣ ከማፍሰሳችሁ በፊት ከተቀላቀለው ሲሊኮን አየሩን ስታወጡ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አገራችን ደጋ መሆኗ እዚህ ላይ ይገባል። ከውጭ የሚመጣው መመሪያ ጌጁ 29 ኢንች እስኪያነብ አየሩን ምጠጡ ይላል። ያ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። ቡታጅራ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ፣ ወልቂጤ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ የሚጫነን በባሕር ጠረፍ ካለው አራት አምስተኛ ያህሉን ነው። ስለዚህ ፓምፑ አየሩን አሟጦ ቢያወጣው እንኳ ጌጁ ቡታጅራ ላይ ወደ 23 ኢንች፣ ወልቂጤ ላይ 24 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። በባር የሚያነብም ከሆነ ከ0.8 አያልፍም። ይህን ሳያውቁ ደህና ፓምፕ ፈትተው ጋስኬት የሚቀይሩ አሉ። ዓይናችሁን ከጌጁ ላይ አንሱና ሲሊኮኑን ተመልከቱ። መጀመሪያ ይነፋል፣ ሦስትና አራት እጥፍ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ይፈርስና ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለትና አየሩን መልሱ። ሲነፋ እንዳይገነፍል ዕቃው ከሩብ በላይ አይሞላ።

ሲሊኮኑ ከፈሰሰ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። ዕቃው ላይ 24 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ክፍሉ ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ጊዜው በግምት እጥፍ ይሆናል። በክረምቱ ዝናብ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የቡታጅራ ወርክሾፕ ሌሊቱን ይቀዘቅዛልና ሁለት ቀን ብትጠብቁ አይግረማችሁ። በዚህ ጊዜ «ትንሽ ጠብ ላድርግበት» ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ይመጣል። አታድርጉት። ትርፍ ማጠንከሪያ ጎማውን ግትር ያደርገዋል፣ ይበልጥ ያኮማትረዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥረዋል። ለመስቀል የሚደርስ ጌጥ ያላችሁ ሞልዱን ከሐምሌ ሳያልፍ አውጡ፤ ነሐሴና ጳጉሜን ለጂፕሰሙ ይቅሩላችሁ፤ እሱም በእርጥቡ ወራት ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል።

እስካሁን ያልነው ለትንሽ ሞዴል ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው የኮርኒስ አበባ ስሌቱ ሌላ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ብታፈሱበት 8.5 ሊትር፣ ማለትም ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ሲሊኮን ይበላል። በብሩሽ እየደራረባችሁ 6 ሚሊ ሜትር ቆዳ ብታደርጉት ግን 2 ኪሎ ገደማ፣ ጉብታና ጎድጓዳው ሲታሰብ 2.5 ኪሎ ይበቃል። ከሩብ ብዙም አያልፍም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ሽፋን ስስና ንጹሕ ሲሊኮን ይሁን። ሲነካ የሚያጣብቅ፣ ግን ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ሁለተኛውን ድገሙ። ከዚህ በኋላ ሲሊኮኑ እንዳይወርድ ማወፈሪያ ጨምሩበት፤ ከፋርማሲ የተገዛ ፋሻ በቁራጭ በቁራጩ እየነከራችሁ አልብሱትና ሦስተኛውንና አራተኛውን ደርቡ። በቅጠሎቹ መሐል ያለውን ጥልቅ ቦታ ከአሮጌ ሞልድ በተቆረጠ ተመሳሳይ ሲሊኮን ሙሉት፤ አሮጌ ሞልድ የማይጣልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ቆዳ ብቻውን አይቆምም፤ የሚሸከመው ጠንካራ ቅርፊት ይፈልጋል። በውጭ አገር ይህን ከፋይበር ግላስ ይሠሩታል። እኛ ግን ቃጫ አለን። ከእንሰት ላይ ቆጮ ሲፋቅ የሚወጣው ቃጫ ገመድ የሚሆን ጥንካሬ ያለው ክር ነው፤ በጂፕሰም ውስጥ ሲገባ ስንጥቁን ይዞ ያቆያል። ነገር ግን በደንብ ታጥቦ የደረቀ ይሁን። ቃጫው ላይ የቀረው የእንሰት ሥጋ ጂፕሰሙ ቶሎ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ቃጫውን አበጥራችሁ በስሱ ዘርጉት፣ በጂፕሰም ውኃ ንከሩት፣ በሲሊኮኑ ጀርባ ላይ እያለበሳችሁ 2 ሴንቲ ሜትር አድርሱት። ጂፕሰም ሲሊኮን ላይ ስለማይጣበቅ ቫዝሊን አያስፈልግም። ሲጠነክር ቅርፊቱ ይነሳል፣ ቆዳው ከአበባው ላይ ይላጣል፣ ተመልሶ ቅርፊቱ ውስጥ ይተኛል። እኔ ለትልልቅ ጌጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም፤ ቃጫው ደጃችን ላይ ነው።

ሸክላ ለሚሠሩ እናቶችና እህቶች አንድ ቃል ልጨምር። የክትፎ ጣባን በሲሊኮን ሞልድ ለመሥራት የሚያስቡ ካሉ አይመከርም። ጭቃ ከሞልድ የሚለቀው ሞልዱ ውኃውን ሲጠጣለት ነው፤ ሲሊኮን ደግሞ ጠብታ አይጠጣም። ለእናንተ የሚሆነው የጂፕሰም ሞልድ ነው። የጂፕሰም ሞልድ በሥራ ብዛት ያልቃልና፣ እሱን ደጋግሞ ለማውጣት ግን ሲሊኮን ጥሩ አገልጋይ ነው። ለወርቅና ለነሐስ ሠሪዎችም እንዲሁ። ሰሙን በእጅ ቀርጾ፣ በጭቃ ለብጦ፣ አቅልጦ ማውጣት ነባር ጥበባችን ነው፤ ያ ሰም ግን በአንድ ሥራ ያልቃል። የመጀመሪያውን ቅርጽ በሲሊኮን ካስቀራችሁ ሰሙን የፈለጋችሁትን ያህል ታወጣላችሁ። ንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ሲሊኮኑን አይጎዳውም። የቀለጠ ነሐስ ወይም አልሙኒየም ግን በፍጹም አይፈስበትም፤ አልሙኒየም እንኳ የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው፤ ተራው የሞልድ ሲሊኮን ደግሞ ከ200 ዲግሪ ብዙም አይዘልቅም።

የመጀመሪያውን ጂፕሰም ከማፍሰሳችሁ በፊት የቲን ሞልዱን አንድ ሁለት ቀን አሳርፉት፤ የቀረው አልኮል ይውጣለት። ጂፕሰሙን ወደ ውኃው ነስንሱ እንጂ ውኃውን ወደ ጂፕሰሙ አታፍስሱ። ሥራ ሲያበቃ ሞልዱን በውኃና በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት፣ ታልክ ፓውደር ነስንሱበት፣ ቅርፊቱ ውስጥ አስተኝታችሁ ፀሐይ ከማይደርስበት መደርደሪያ አስቀምጡት። በላዩ ዕቃ አትጫኑ፤ ተጣሞ ከከረመ ተጣሞ ይቀራል። ቅርፊቱ ጀርባ ላይ ሲሊኮኑ የተገዛበትን ቀን፣ የገባውን ግራምና የማጠንከሪያውን መቶኛ በማርከር ጻፉ። ሞልዱ ሲያረጅና ሌላ ስታወጡ የምትጀምሩት ከዚያ ጽሑፍ ነው።